ሃያ ክንድ ክር

ልጆቹ አራተኛው ጥያቄ ላይ ሲደርሱ እርሳሳቸው ቆመ። አንዱ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል፤ አንዷ ከጠረጴዛ ሥር ጣቶቿን እየቆጠረች ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ምላሱ ለአፍታ የማያርፈው ኪቲዮኔ እንኳ ጭጭ ብሏል። መምህር ፌሌቲ በአገሩ ወግ ለክብር ቀን የሚለበሰውን የክት ምንጣፉን ወገቡ ላይ እንዳገለደመ ከፊት ለፊታቸው ተቀምጦ፣ «ምን ነካቸው? ይቺ ደግሞ ጥያቄ ሆና ነው?» እያለ በሆዱ ተናደደ።

ጥያቄዋን ያወጣት ራሱ ነው። አንዲት እናት ባለ አራት ማዕዘን ምንጣፍ ሠራች፤ ርዝመቱ አሥራ ሁለት ክንድ ነው፤ ዙሪያውን በሙሉ የቀይ ክር ዘርፍ ለማድረግ ሃያ ክንድ ክር ፈጀባት፤ ወርዱ ስንት ነው? እዚህ ደሴት ላይ እናቱ ወይ አክስቱ ምንጣፍ የማትሠራ ልጅ የለም። ደስ ይላቸዋል ብሎ ነበር ምንጣፍ ያደረገላቸው።

ከኋላ ወይዘሮ ላቪኒያ ማራገቢያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ከዋናው ደሴት፣ ከኑኩአሎፋ፣ ከአዳሪ ትምህርት ቤት ነው የመጡት። ለአንድ ልጅ የሚሆን ነጻ ቦታ ይዘዋል፤ ወረቀቱን ሰብስበው በከሰዓቱ ጀልባ ይመለሳሉ። ጠዋት ገና እግራቸው አሸዋውን እንደረገጠ የተናገሩት እስካሁን ከፌሌቲ ጆሮ አልወጣም። «ፈተናው ላይ እንከን ካገኘሁ ግን፣ አዝናለሁ መምህር፣ ቦታው ለጎረቤት ደሴት ይሰጣል።» ከዚህች ደሴት ለዚያ ትምህርት ቤት የበቃ ልጅ ኖሮ አያውቅም።

«መምህር፣ ልጆችዎ ደከሙ መሰለኝ» አሉ ወይዘሮ ላቪኒያ።

«እያሰላሰሉ ነው።»

«ማሰላሰሉስ ደግ ነበር። ጀልባው ግን ቆሞ አያሰላስልም።»

ይሄኔ ሴይኒ ከመቀመጫዋ ተነሳች። የምንጣፍ ሠሪዋ የቶኪሊፓ ልጅ ናት፤ ቦታውን ያገኛል ቢባል ሰው ሁሉ የሚጠራው የእሷን ስም ነው። በታላቅ ፊት እንደሚታለፈው ጎንበስ ብላ መጣችና ወለሉ ላይ፣ ከፌሌቲ እግር አጠገብ ቁጭ አለች። ዓይኗን አላነሳችም።

«መምህር» አለች በሹክሹክታ። «ክሩ አልደርስ አለኝ።»

«የቱ ክር?»

«የምንጣፉ። በአንዱ ጎን ወስጄ በሌላው ስመልሰው ያልቅብኛል። አቆራረጡን ባላውቅበት ነው መሰለኝ። እስቲ ቢያዩልኝ ብዬ ነው።»

ፌሌቲ ወረቀቱን አነሳ። በአንዱ ጎን አሥራ ሁለት፣ በሌላው ጎን አሥራ ሁለት። ሃያ አራት። ወርዱ ገና ሳይነካ ክሩ አልቋል። አርባ ብሎ አስቦ ሃያ ብሎ ጽፏል።

«ሌሎቹስ አይተውታል?»

«እኔ እንጃ መምህር። ክር የማላውቀው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።»

ቢናገር ቦታው ሄደ። ዝም ቢል ደግሞ ልጆቹ እዚችው ላይ ተቸክለው ሰዓታቸው ያልቃል። ቀና ብሎ ወይዘሮ ላቪኒያን አየ፤ ዝቅ ብሎ ሴይኒን አየ። ይቺ ልጅ የራሷን ፈተና ጥላ መጥታ፣ የእሱን ጥፋት የራሷ አድርጋ፣ ማንም ሳይሰማ እንዲያርመው እጁ ላይ አኑራለታለች። የወለዳት ልጁም ብትሆን ከዚህ በላይ አታከብረውም ነበር።

«ተባረኪ ልጄ» አላት። ከዚያ ብድግ አለ።

«ልጆች፣ እርሳስ አስቀምጡ። አራተኛው ጥያቄ ላይ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ክሩ ሃያ ሳይሆን አርባ ክንድ ነው። ያሳየችኝም ሴይኒ ናት። ወይዘሮ ላቪኒያ፣ እንከኑ የእኔ እንጂ የልጆቹ አይደለም።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ቆሞ ጠበቀ። ውጭ አንድ አሳማ የግቢውን አጥር ይታከካል። ወይዘሮ ላቪኒያ ማራገቢያቸውን አጥፈው ጭናቸው ላይ አኖሩት።

«በየደሴቱ ዞሬአለሁ፤ እንከንም ብዙ አግኝቻለሁ» አሉ። «ባለቤቱ ተነስቶ እነሆ ያለኝ ግን ዛሬ ነው። ለባከነባቸው ጊዜ ይጨመርላቸው።»

«ጀልባውስ?»

«ካፒቴኑ የእህቴ ልጅ ነው። ያለ እኔ ቢሄድ እናቱ ቤት አታስገባውም።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ ፌሌቲ። ደግሞም «እግዜር ይስጥልኝ» አለ።

ክፍሉ በላጲስ ድምፅ ተሞላ። «እንዴት?» ብሎ የጠየቀ፣ የተገረመም የለም፤ ሁሉም አጎንብሶ ያጠፋል። ፌሌቲ በወንበሮቹ መካከል እየተዘዋወረ አየ። አንዷ አሥራ ሁለቱን ስድስት አድርጋ ሠርታዋለች። አንዱ ክሩ ላይ ሃያ ጨምሮ፣ «ከጎረቤት የተበደረችው» ብሎ ጽፎበታል። ሁሉም አውቀውታል። እሱ ሰነፉ ብሎ ሲናደድባቸው፣ እነሱ መምህራቸው እንግዳ ፊት እንዳያፍር ምንጣፉን ከክሩ ጋር ሊያስታርቁ ሲታገሉ ነበር። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ አላፈረበትም።

ኪቲዮኔ ጋ ሲደርስ ልጁ ወረቀቱን በክንዱ ከለለ። ፌሌቲ ክንዱን ቀስ አድርጎ አነሳለት። ምንጣፍ ስሎበታል፤ ዘርፍ ያለው ግን ሦስቱ ጎን ብቻ ነው። ባዶው ጎን ሥር በትንንሽ ፊደል እንዲህ ይላል፦ «ይሄ ጎን ግድግዳ ጋ ስለሚሆን ማንም አያየውም። ዘርፍ አያስፈልገውም። ወርዱ አራት ክንድ ነው።»

ፌሌቲ በልቡ ደመረው። አሥራ ሁለት፣ አራት፣ አራት። ሃያ ሞላ።

ኪቲዮኔ ላጲሱን አነሳ። ፌሌቲ እጁን ያዘው።

«ተዋት» አለው። «ይቺን አታጥፋት። አዲሱን ከሥሯ ሥራው።»