የአጋም አበባ ቀለም

«እሰይ! እጅህ ይባረክ!» ሾፌሩ ከወንበሩ ብድግ አለ። «ኧረ ይቺን ጉድ እዩልኝ!»

ልብስ ሰፊዋ የሱቋን መጋረጃ ጠበቅ አድርጋ ዘጋችው። የከሰዓቱ ፀሐይ ደጅ ቀረ፤ ግድግዳው ላይ በተወጠረው ነጭ አቡጀዲ ላይ ርግብ የምትመስል አንዲት ዋኖስ ጎልታ ወጣች። ጎጆዋ ጫፍ ላይ ቆማ አፏን ከፍታለች። ሁለት ጫጩቶች ምንቃራቸውን እስከ ጉሮሮዋ ድረስ ከትተው ይመገባሉ። ላባ ያላበቀለው አንገታቸው ላይ ያለው ስስ ቢጫ ጸጉር አንድ በአንድ ይቆጠራል።

ፎቶውን ያነሣው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ከፕሮጀክተሩ ጎን ቆሟል። ባሞገሱት ቁጥር ፈገግ ይላል፤ ፈገግታው ግን ፊቱ ላይ አልረጋ አለው። ቀኝ እጁ ኪሱ ውስጥ አንድ ነገር ጨብጣ አልለቅ ብላለች።

«እስኪ ዝም በሉና እሱ ይንገረኝ» አሉ እትዬ።

ካሜራ አያያዝ ያስተማሯቸው፣ ወፍ ፊት ትንፋሽ እንዴት እንደሚዋጥ ያሳዩዋቸው እኚህ ጡረተኛ መምህርት ናቸው። ካለፈው ዓመት ወዲህ ዓይናቸው ብርሃንና ጥላን ከመለየት አያልፍም። ስለዚህ በየሳምንቱ ፎቶ ያመጣ ሁሉ ያየውን በቃሉ ይነግራቸዋል። ዛሬ ረጅሙ ሌንሳቸው ከነቦርሳው ጭናቸው ላይ ተቀምጧል። «እኔ ዘንድ ምን ይሠራል? ፎቶውን ሰምቼ ለአንዳችሁ እሰጣለሁ» ብለው ነበር። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ያንን ሌንስ ሦስት ዓመት ሙሉ ተመኝቶታል።

«ዋኖስ ናት እትዬ። እያጎረሰች ነው።»

«ጫጩቶቹ ሁለት ናቸው?»

«ሁለት።»

«የእሷ ነገር ሁለት ነው ሁልጊዜ።» ፊታቸው በራ። «ግን ዋኖስ እኮ ጎጆዋን ቅጠል ውስጥ ነው የምትሸሽገው። እንዴት ብትታገሥ ነው እንዲህ ፊት ለፊት ያገኘሃት?»

«ሦስት ሰዓት ተኝቼ ጠበቅኩ» አለ። ይህ እውነት ነበር።

«ደግሞ ከዳር ያለችው ቀይ አበባ!» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ቢያዩዋት እትዬ! እግዜር ራሱ በጁ ያስቀመጣት ነው የምትመስለው።»

ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ወደ አቡጀዲው ቀና አለ፤ ቀይዋን ነገር አያት። በካሜራው ትንሽ መስኮት ላይ ነጥብ እንኳን አታክልም ነበር። እዚህ ግን ጡጫ ታክላለች። ጫፏ ሁለቴ ተጠምዝዟል፤ በየቀኑ ሥራው ላይ እንደሚጠመዝዘው።

ያለፈው እሑድ ነው። ሦስት ሰዓት ጠብቆ ቅጠሉ አላሳየው ስላለ ጎጆውን የጋረደውን ቅርንጫፍ ገለል አድርጎ ከቦርሳው ባወጣው ቀይ የመብራት ሽቦ አሰረው። «ለአምስት ደቂቃ ነው» አለ ለራሱ። ቅጠል የጫጩት ጣሪያ ነው፣ አይነካም፤ እትዬ ከሁሉ በፊት ያስተማሩት ይህንን ነበር። ፎቶውን አነሣ። ወዲያው ስልኩ ጮኸ፤ አንድ ደንበኛ መብራት ጠፋብኝ አለው። ዕቃውን ሰብስቦ ሮጠ።

«ቀይ አበባ?» አሉ እትዬ። «ጎጆው ምን ላይ ነው?»

«አጋም ላይ።»

«የአጋም አበባ ነጭ ነው።»

«ቀይ ናት እንጂ!» አለ ሾፌሩ። «በሁለት ዓይኔ እያየኋት!»

«አንተ ደግሞ!» አለች ልብስ ሰፊዋ። «መንገድ ላይ ቀይ ሲበራ አታይ፣ እዚህ አየሁ ትላለህ?» ሳቁ። «ግን እውነቱን ነው እትዬ፣ ቀይ ናት።»

እትዬ አልሳቁም። ጣቶቻቸው ቦርሳው ላይ ቆሙ።

«ነጭ አልነበረም እንዴ?» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «አርባ ዓመት ነጭ ብዬ ሳስተምር... እንግዲህ ዓይኔ ሲሄድ አእምሮዬም ሊከተለው ነው። ባለፈው የእህቴ ስም ጠፍቶኝ ነበር።» የቦርሳውን ማንገቻ ሰበሰቡ። «ይሁን። ተመስገን ነው።» ከዚያ ሌንሱን በአንድ እጃቸው አንሥተው በሌላው አየሩን ዳሰሱ። «ና ልጄ፣ የት ነህ? ተቀበለኝ።»

ሄዶ እግራቸው ሥር ተንበረከከ። ምድር ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው።

«እትዬ፣ የአጋም አበባ ነጭ ነው።»

«ምን አልክ?»

«ነጭ ነው። አእምሮዎ ምንም አልሆነም። ያ አበባ አይደለም።»

እትዬ ፊታቸውን ወደ አቡጀዲው አዞሩ።

«ቅርንጫፉን አስረኸው ነው» አሉ።

«አዎ።»

«ፈታኸው?»

«ረቡዕ። ሥራ ላይ፣ መሰላል ላይ ሆኜ እንደዚያው ያለ ቀይ ሽቦ ስቆርጥ ነው ትዝ ያለኝ።»

እትዬ ሌንሱን መልሰው ጭናቸው ላይ አኖሩት። በዚያው እጃቸው አውራ ጣት ሌሎቹን ጣቶች አንድ በአንድ ነኩ፤ እሑድ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ። በነዚያ ቀናት ፀሐዩ ምን ያህል እንደነበረ ሁሉም ያውቃል። ስለ ጫጩቶቹ አልጠየቁም።

«እናቲቱስ?»

«እዚያው ናት» አለ። «ሁለቱም ደርቀዋል። እሷ ጎጆው ጫፍ ላይ ቆማለች። አፏን ከፍታ።»

ልብስ ሰፊዋ ፕሮጀክተሩን ልታጠፋ ተነሣች።

«ተዪው» አሉ እትዬ። «ይየው።»

እሱን ፍለጋ የተዘረጋችው ሌላዋ እጃቸው አልታጠፈችም፤ አሁንም መዳፏ ወደ ላይ ነው። ከኪሱ ያወጣውን እዚያ ላይ አኖረላቸው። ከረቡዕ ጀምሮ አብሮት ውሏል፣ አብሮት አድሯል፤ ሊጥለውም ሊያቃናውም አልቻለም።

እትዬ ዳሰሱት። ጣታቸውን በክቡ ውስጥ አስገብተው ቀስ ብለው ዙሪያውን ሄዱበት። ሽቦው ቅርንጫፉን እንደጨበጠ ነበር።