የጠፉ ሰዎች ሁለት መዝገብ

በክርስትና ስሙ የሚጠራውን ወልደ ሚካኤልን ደብረ ማርቆስ ውስጥ የማያከብረው ሰው አልነበረም። መናኸሪያው ፊት ለፊት ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ኮምፒውተር ያስተምራል። ስሙ የተጠራው ግን በድረ ገጹ ነው። በጦርነት፣ በሰፈራ፣ በእንጀራ ፍለጋ የተጠፋፉ የጎጃም ቤተሰቦች የሚፈልጉትን ሰው እዚያ ያስመዘግባሉ። በስድስት ዓመት ውስጥ አርባ አንድ ሰው ከዘመዱ ጋር አገናኝቷል።

ደሴ ውስጥም መሲ የምትባል ሴት ተመሳሳይ ድረ ገጽ ነበራት። ወልደ ሚካኤል የራሱን የከፈተው የእሷ በተከፈተ በዓመቱ ነው።

በ2006 ዓ.ም. ኅዳር ላይ መሲ ደወለች። ስልኩን ያነሳችው መዝገቡን የምትይዘው እየሩስ ናት። ወልደ ሚካኤል ጆሮዬ በስልክ አይሰማም እያለ ጥሪ ሁሉ በእሷ በኩል እንዲያልፍ ካደረገ ቆይቷል።

«ሁለቱን አንድ እናድርጋቸው ትላለች» አለች እየሩስ ስልኩን ዘግታ።

«አይሆንም።»

«ምነው ጋሼ?»

«የለፋንበትን ጠቅልላ ልትወስድ ነዋ። እሷ ወሎን ትያዝ፣ እኛ ጎጃምን። ለየብቻ ስንሠራ ምን ጎደለ?»

እየሩስ አመነችው። ጠዋት ጠዋት ቢሮ እንደገባ የመሲን ድረ ገጽ እንደሚከፍት ታውቃለች። ከላይ ካሉት አዳዲስ ስሞች ጀምሮ እታች እስካሉት አሮጌዎቹ ድረስ ይወርዳል። ኢንተርኔቱ እየተንቀራፈፈ ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል። ስንት ሰው እንዳስመዘገበች ሲቆጥርባት ነው ብላ ነበር የምትገምተው።

ጥር ላይ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ።

የጉንደ ወይኗ እማማ ታየች ልጃቸውን አበባውን ፍለጋ እነ ወልደ ሚካኤል ዘንድ ከተመዘገቡ ሦስት ዓመት አልፏቸዋል። አበባውም ኮምቦልቻ ሆኖ እናቱን በመሲ መዝገብ ላይ መፈለግ ከጀመረ ሁለት ዓመቱ ነው። አንዱ መዝገብ ሌላውን አያውቅም። እየሩስ አንድ ቀን በአጋጣሚ የመሲ ገጽ ላይ ስሙን አይታ ደወለችለት። አበባው ሲከንፍ መጣ። የደረሰው ለእናቱ ሰልስት ነበር።

ከለቅሶው ሲመለሱ እየሩስ መኪና ውስጥ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ የእሷን መዝገብ በየቀኑ ያያሉ። የአበባውን ስም እንዴት አለፉት?» አለችው።

«ዓይኔ አላረፈበትም» አለ። እውነቱን ነበር። ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም።

በሳምንቱ መሪጌታ ኪዳነ ማርያም አስጠሩት። ድረ ገጹ ሲከፈት ጀምሮ በየደብሩ እየዞሩ ሰው ያስመዘገቡት እሳቸው ናቸው።

«እምቢ ብለሃል አሉኝ» አሉት።

«መሪጌታ፣ ሴትዮዋን አያውቋትም።»

«ታየችን ግን አውቃታለሁ። ያስመዘገብኳት እኔ ነበርኩ። አንተ ስለ ስምህ ስትከራከር እሷ አፈር ገባች። እስከ ወሩ መጨረሻ ቀላቅሉት።»

ወልደ ሚካኤል በየት በኩል እንደሚወጣ ጨነቀው። እምቢ ቢል ከተማው ይተፋዋል። ለቅቄያለሁ ብሎ ቢያስረክባት እየሩስ በማግስቱ መዝገቡን ለመሲ ትከፍትላታለች። እሺ ማለትን ደግሞ አስቦ አይጨርሰውም። ቤቱ ሲገባ ባለቤቱና ሦስት ልጆቹ ያዋሩታል፤ አይሰማቸውም።

በመጨረሻ አንድ ነገር መጣለት።

«እሺ በያት» አላት እየሩስን። «አሮጌዎቹ ግን ይቅሩ። ከሁለቱም መዝገብ የመጀመሪያዎቹ ሃምሳ ስሞች አይተላለፉ። እስካሁን በሕይወት አይኖሩም፤ መዝገብ ማጨናነቅ ነው።»

እየሩስ ደውላ ተመለሰች። «እንዲህ ስላት ድምፅዋ ተለወጠ። ‹የፈለጋችሁትን አስቀሩ፣ የመጀመሪያዎቹን ግን አልጥልም› አለች። ደግሞ ራሷ ልትመጣ ነው።»

«ወዴት?»

«እዚህ። ቅዳሜ።»

«አየሽ? አንድ የደበቀችው ነገር አለ።»

«አላት» አለች እየሩስ። «ጎጃም ጎጃም ማለቷም አላማረኝም። ስትደውል ሌላ አትጠይቅም፤ ከጎጃም ስንት ሰው አላችሁ፣ ከየት ከየት ነው፣ ዕድሜያቸው ስንት ነው ትላለች።»

ዓርብ ጠዋት፣ ወልደ ሚካኤል አጎቴ ታሞብኛል ብሎ ሻንጣውን ይዞ የመርጡለ ማርያም አውቶቡስ ላይ ተሳፈረ። ሞተሩ ተነሥቶ ነበር። መሪጌታ በእየሩስ እየተመሩ አውቶቡሱ ላይ ወጡና አጠገቡ ቆሙ።

«ዋናውን የይለፍ ቃል የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ አሉ» አሉት። «ቢሮ ገብተህ እሱን ጻፍና ሂድ። አውቶቡሱ ይጠብቅሃል፤ ለሾፌሩ ነግሬዋለሁ።»

ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየው። ወረደ።

ቢሮ ገብቶ ተቀመጠ። መሪጌታ በቀኙ፣ እየሩስ በግራው ቆሙ። ጣቱ ሁለት ጊዜ ሳተ፤ በሦስተኛው ተከፈተ። እየሩስ መሲ በነገረቻት መንገድ ሁለቱን መዝገቦች አንድ ላይ አደረገቻቸው። አዲሱ ገጽ ቀድሞ የተመዘገበውን ከላይ የሚያሳይ ነበር።

«እስቲ አንብቢልኝ» አሉ መሪጌታ።

የመጀመሪያው ፎቶ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ይወጣ ጀመር። የወታደር ቆብ። ግንባር። ከዚያ ዓይን።

«ጋሼ» አለች እየሩስ ፈገግ ብላ፣ «ይሄ ሰውዬ እርስዎን አይመስልም?»

ከፎቶው ሥር የተጻፈውን መሪጌታ ራሳቸው ጎንበስ ብለው አነበቡት፦ «ቁጥር አንድ። ተፈላጊ አባቴ ሃምሳ አለቃ አበረ፤ ጎጃሜ ከመሆኑ በቀር አገሩን አናውቅም። በ1983 ዓ.ም. እመለሳለሁ ብሎ ከደሴ ወጣ። እናቴ እስከ ዛሬ ተስካሩን አላወጣችም። ፈላጊ ልጁ መሲ።»