የሰደቃው ጋዝ

እንድሪስ የሚነዳት የክሊኒክ መኪና ቤት ናት ማለት ይቀላል። አልጋ አላት፤ መርፌ የሚቀቀልበት የቡታጋዝ ምድጃ አላት፤ ሲሊንደሩ ከኋላ፣ ከውጭ ታስሯል። ከነርሷ ከሲስተር ሸዋረጋ ጋር ከደሴ እስከ ሐርቡ እየዞሩ ሕፃናት ይከትባሉ።

ታዲያ ባለፈው ጁምዓ ጉድ ሠራ። ሐርቡ ያሉት አማቱ ኡሙሰልማ ለሟች ባላቸው ሰደቃ ሊያወጡ ነበር። ድርቁ አገሩን አራቁቶት እንጨት የሚባል ነገር ጠፍቷል። እንድሪስ ሆዬ አማቱ ፊት ደረቱን ነፋ።

«እኔ እያለሁ እማማ? በመንግሥት ጋዝ ይቀቅሉ!»

ሲሊንደሩን ከነትርፍ ምድጃው ሰጥቷቸው ሄደ። ሲመለስ ሥጋው ተበልቷል፤ ዱዓውም ተደርጓል። አማቱ ዓይን ዓይኑን ሳያዩ መረቁት። ሲሊንደሩን ወደ መኪናዋ ሲሸከም ወገቡ ሊቆረጥ ደረሰ።

«ያ ረቢ! የሰው ንብረት እንዲህ ይከብዳል?» አለ።

ሰኞ ማለዳ ደሴ ሆጤ፣ የመሥሪያ ቤቱ ግቢ ውስጥ፣ ሲስተር ክብሪት ጫረች። የኅዳር ውርጭ ሣሩን አንጥቶታል። ምድጃው ጭል አለና ድርግም። ደገመች፤ ድርግም።

«ሙሉ አልነበር እንዴ? ማን ጨረሰው?»

«እኔ ምን አውቄ ሲስተር» አለ እንድሪስ።

ሌሊቱን ከመኪናዋ ጋር ያደረው ዘበኛው ሞላ ብቻ ነው። የሕዝብ ንብረት ተሰረቀ ተባለ። ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ክንዱን ይዘው ወደ ቀበሌ ነዱት።

«እንድሪስ፣ አንተ ታውቀኝ የለም? ንገርልኝ እንጂ!» አለ ሞላ ዞሮ።

እንድሪስ ጎንበስ ብሎ የታሰረ የጫማ ክሩን ማሰር ጀመረ።

በምሳ ሰዓት በቀበሌው በኩል አለፈ። የሞላ ሚስት የኔነሽ ስንቅ አቅፋ ቀበሌው በር ላይ ተቀምጣለች። አላህ የራሱን ሐቅ ይምራል፤ የሰውን ሐቅ ግን ባለቤቱ አውፍ ካላለ ማን ይምረዋል? በገዛ ራሱ አፈረ። አላስችል ቢለው ገባ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ሞላን ልቀቁት። ጋዙን የጨረስኩት እኔ ነኝ። ለአማቴ ሰደቃ ወስጄው ነው።»

«እስቲ ድገመው።»

ደገመው። ሞላ ወጣ፤ እንድሪስ ገባ።

በማግሥቱ ሲስተር ሸዋረጋ ግራ ተጋብታ እታሰረበት ቀበሌ መጣች።

«እንድሪስ፣ ምድጃው እኮ ፀሐይ ሲሞቀው ቦግ ብሎ ነደደ! ጋዙ ብርድ ይዞት ነው አሉኝ እንጂ ሲሊንደሩ ሙሉ ነው። ያን ሁሉ ሥጋ ቀቅላችሁበት እንዴት ሙሉ ይሆናል?»

እንድሪስ እንባው መጣ።

«በረካ ነዋ ሲስተር! የሰደቃ ነገር! አላህ እኔን ሌባውን አይቶ አይደለም፤ የድሃ ዱዓ ሰምቶ ሞላው!»

ሚስቱ ዘይቱና ምሳውን ይዛ ከሲስተር ኋላ ቆማለች። ሳህኑን አስቀመጠችና ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

«እማዬ እኮ ይፈነዳል ብላ ፈርታ እጇንም አላሳረፈችበት፤ እንዳይከፋህ ደበቅንህ እንጂ የቀቀለችውስ አጥሯን ነቅላ ነው።»