ሽማግሌ ለቅናሽ መደብር

የወረታ ንግድ የቆመው በአቶ በላቸው ትከሻ ላይ ነበር። ይህን የሚመሰክሩት ራሳቸው አቶ በላቸው ናቸው። በጎንደር መንገድ ዳር ያለው ሱቃቸው ከሳሙና እስከ ሚስማር ይሸጣል፤ አራት ሠራተኞችም አሉት። ለሦስቱ ደመወዝ ይከፍላሉ፤ ሲመቻቸው። አራተኛዋ ሚስታቸው ማናዬ ናት። ከተጋቡ ጀምሮ ከባንኮኒው ጀርባ ቆማ ኖራለች። አንድ ቀን ደመወዝ የሚል ቃል ብታነሳባቸው አቶ በላቸው በሳቅ ፈረሱ።

«ከቀኝ ኪሴ አውጥቼ ግራ ኪሴ ልክተት እንዴ?»

ንፉግ ናቸው ማለት ግን አይቻልም። አባቷ ይፋግ በኩል ያወረሷትን ረግረግ መሬት «እንቁራሪት እንጂ ምን ይበቅልበታል? ላንቺው ይሁን» ብለው ትተውላታል። ኋላ ፎገራ ሁሉ ሩዝ በሩዝ ሲሆንም ቃላቸውን አላጠፉም። የሴት ገቢ ከሽሮና ከበርበሬ እንደማያልፍ ያውቃሉ።

መዓቱ የወረደው ከመስቀል በኋላ ነው። ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ባለው መጋዘን ላይ «ሁሉ ለሁሉ የቅናሽ መደብር» የሚል ሰሌዳ ተሰቀለ። ባልዲው፣ ዘይቱ፣ ደብተሩ፣ የፕላስቲክ ጫማው፣ ሁሉም አቶ በላቸው ከሚሸጡበት ይረክሳል። ከሐሙሲት ሳይቀር ሰው ይጎርፍ ጀመር። ይባስ ብሎ መደብሩ የከተማውን ሥራ ፈት ሁሉ ቀጠረ፤ በወሩ መጨረሻም ከፈለ። ይህን ነውር የሰሙት ሦስቱ የአቶ በላቸው ሠራተኞች ተከታትለው ወጡ። ቀድማ የወጣችው ናፍቆት እዚያ ሥራ አስኪያጅ ሆነች።

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ!» ብለው ፎከሩ አቶ በላቸው። «ዘይት መቅዳት ያስተማርኋት እኔ ነኝ እኮ!»

ያስተማረቻት ማናዬ ነበረች። ግን አንድ ሰው ሲናደድ ማን ያርመዋል?

መደብሩ የማን እንደሆነ በከተማው የሚያውቅ የለም። አቶ በላቸው ግን ያውቃሉ። የአያልነህ ነው፣ የባለሩዝ መፈልፈያው። በወረታ ከእርሳቸው የበለጠ ሠራተኛ ያለው እሱ ብቻ ነበር፤ አልበቃውም ማለት ነው። ማስረጃውም ሞልቷል። መጋዘኑ የሱ ነው። ዕቃው የሚመጣው በሱ አይሱዙ ነው። ከሁሉም የሚከፋው ደግሞ እሑድ ከቅዳሴ ሲወጡ ጥርሱን ብልጭ አድርጎ «ሥራ እንዴት ይዞዎታል ጋሼ በላቸው?» ማለቱ ነው። ደህና ሰው እንዲህ ብሎ ይጠይቃል?

ማናዬን ለስለላ ላኳት። ጠዋት የሄደች አመሻሽ ላይ ተመለሰች።

«እህሳ?»

«ዕቃው ደህና ነው። ባልዲው ግን እያለቀ ነው።»

«ባልዲ ማን ጠየቀሽ? አያልነህን አየሽው?»

«ኧረ አላየሁትም።»

«ተደብቆ ነዋ!»

ከዚያ ወዲያ ዕለት ዕለት ትሰልል ጀመር። ሳትሰልል የዋለችው አዲስ አበባ ያለችውን የታመመች እህቷን ልትጠይቅ ስትሄድ ብቻ ነው። አቶ በላቸው ለእህቲቱ «እግዜር ይማራት» ይልካሉ፤ ስንቅ ከባድ ነው፣ ምርቃት ግን መንገድ ላይ አይከብድም።

ታኅሣሥ ሲገባ ሱቁ ጭር አለ። ሩዙ ታጭዶ ገበሬው እጁ ላይ ብር በያዘበት ወር እንኳን የአቶ በላቸውን ደጃፍ የረገጠ ጥቂት ሰው ነው፤ እሱም መናኸሪያው በየት በኩል እንደሆነ ሊጠይቅ። አቶ በላቸው ፈሩ። ከሱቁ ሌላ የሚያውቁት ዓለም የላቸውም። ቢዘጋ ጠዋት ተነሥተው የት እንደሚሄዱ እንኳ አያውቁም።

«ሽማግሌ ላክ» አለቻቸው ማናዬ።

«አያልነህን ልለምነው?»

«የላክኸው ሽማግሌ ባለመደብሩ ዘንድ ይሂድ። ሽማግሌ እምቢ አይባልም፤ አንድ መላ ይፈልጉልሃል።»

ሦስት ቀን አኮረፉ፤ ከዚያ ላኩ። የከተማው አስታራቂ አባ ገበያው ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው መጡና እንደ ወጉ አስቀድመው ላኪውን አቶ በላቸውን በቃል አሰሯቸው።

«እንግዲህ በላቸው፣ ባለመደብሩ የሚለውን ሁሉ ትቀበላለህ?»

«በጣራ ገዳም እቀበላለሁ፣ አባ! ተቀጠርልኝ ቢለኝም እቀጠራለሁ። ብቻ ሱቄ አይዘጋብኝ።»

ማናዬ ለሽማግሌዎቹ ጠላ እየቀዳች ነበር። አንዲት ጠብታ አላፈሰሰችም።

በዚያው ቀን ሽማግሌዎቹ የመደብሩ ባለቤት ማን እንደሆነ ናፍቆትን ጠይቀው አጣሩ። ማታ አባ ገበያው ስልክ ደወሉ፤ «አግኝተናል፤ ነገ በማለዳ ቤት ድረስ እንሄዳለን» አሉ። የማን ቤት እንደሆነ አቶ በላቸው አልጠየቁም። የሚያውቁትን ነገር ምን ብለው ይጠይቃሉ?

በነጋታው ጋቢያቸውን ተከናንበው ከደጅ ቆሙ፤ ዓይናቸው ከአያልነህ ግቢ ላይ ነው። ማናዬ የክት ቀሚሷን ለብሳ ሳሎኑን ጠርጋ ወንበር ደርድራለች። ሽማግሌዎቹ ሲመለሱ ቁርስ እንዲቀምሱ መሆኑ ነው። አቶ በላቸው ሴት ልጅ ሌላ ባታውቅ እንግዳ መቀበል ታውቃለች ብለው ደስ አላቸው።

ብዙም ሳይቆዩ ሦስቱ ሽማግሌዎች ምርኩዛቸውን ይዘው መጡ።

«ጨረሳችሁ? በዚህ ፍጥነት? ምን አላችሁ?» አቶ በላቸው እየተጣደፉ አስገቧቸው። «ግቡ፣ ግቡ፣ ተቀመጡ።»

ገቡ፤ አልተቀመጡም። የተላከ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም። አያልነህ ክፉ መልስ ሰጥቶ መሆን አለበት አሉ አቶ በላቸው በልባቸው።

አባ ገበያው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አቶ በላቸውን በትከሻቸው አሳልፈው ወደ ጓዳው በር ተመለከቱና እጅ ነሡ።

«እሜቴ ማናዬ፣ ከባልዎ ተልከን መጥተናል።»