የውርወራ ደንብ

የጨዋታው መሪ ደንብ ላይ ቀልድ አያውቅም። ዳይሱን ከሳሙና የቀረጸው እሱ፣ ካርታውን ካርቶን ላይ የሳለው እሱ፣ ደንቡንም ያወጣው እሱ ነው። ተጫዋቹ አንድ ጀግና ይሆንና የሚያደርገውን ይናገራል፤ የቀረውን ዳይሱና ደንቡ ይጨርሱታል።

ያን ቀን ከሰዓት ጀግኖቹ ወንዝ ዳር በሽፍቶች ተከበቡ። የሽፍቶቹ አለቃ ከማዶ ሆኖ ያዛል። ተራው የጋሽ ውብሸት ነበር፤ ከመጡ ሳምንት ያልሞላቸው፣ ድምፃቸው የማይሰማ አዛውንት ናቸው።

«ቢላዋዬን አለቃቸው ላይ ወረወርኩ» አሉ ቀስ ብለው።

ዳይሱ ተንከባሎ ስድስት ላይ ቆመ። ከጎናቸው የተቀመጠው ላቀው ጭኑን መታ። «አንገቱ ላይ! አለቀለት!»

«አላለቀለትም» አለ መሪው። «ከወንዝ ማዶ የተወረወረ ቢላዋ ያቆስላል እንጂ አይገድልም። ደንቡ ነው።»

«አንገት ላይ ገብቶ የማይገድል ቢላዋ የት አገር ነው ያለው?» የላቀው ዓይን ፈጠጠ። «ልታስጨርሰን ነው እኮ! ጋሼ፣ ኧረ ይናገሩ!»

«ተወው ልጄ። ከዚያ ርቀት አይገድልም» አሉ ጋሽ ውብሸት።

መሪው ደስ አለው። ይህን ደንብ ሳይከራከር የተቀበለው ሰው እስከዛሬ አልነበረም።

«አየህ?» አለው ላቀውን። «የገባቸው ሰው እንዲህ ነው።»

ደጅ ላይ ፊሽካ ተነፋ። «ቆጠራ! ታራሚ በሙሉ ውጣ!»

ጋሽ ውብሸት ነጠላ ጫማቸውን በእግራቸው እየፈለጉ ተነሡ።

«እኔም ለዳኛው ያልኩት ይህንኑ ነበር» አሉ።