እግር ያወጣች ባንዲራ

በድሩ ዱባይ ውስጥ የሀብታሞችን የጎልፍ ዱላ ሲሸከም ወጣትነቱን ጨርሶ ከሚሴ ሲገባ፣ ይዞት የመጣው ብዙ አልነበረም። የታመመ ወገብ፣ አንድ አሮጌ የብረት ዱላና በካልሲ የተቋጠሩ ጥቂት ኳሶች። ሀገሬው ወርቅ ሲጠብቅ ነበርና ትንሽ ተቀየመው።

ሚስቱ ሀዲጃ ስለ ወርቅ አንድም ቀን አልጠየቀችውም። "አንተ ገባህልኝ፣ አልሐምዱሊላህ" አለችው፤ አበቃ። ለፈቃድ በመጣ ጊዜ የወለዷትን ሩመይሳን ብቻዋን እያሳደገች ጠብቃዋለች። በድሩ ከእንግዲህ ይህችን ሴት ላያስከፋት ለራሱ ምሏል።

ጎህ ሲቀድ የሱብሒን ሶላት መስጊድ ሰግዶ ሲወጣ ዱላውን ይዞ ከቤቱ ጀርባ ወደ ጨፋ ሜዳ ይወርዳል። ሌላ የሚያሳርፈው ነገር አልነበረውም። ከብት የጋጠው ሣር ላይ አንዲት ጉድጓድ ምሶ ጣሳ ቀብሯል፤ አጠገቧም ከሀዲጃ አሮጌ ሻሽ የተቀደደች ቀይ ጨርቅ እንጨት ላይ አስሮ ባንዲራ ተክሏል።

ቦታው ለጎልፍ አስቸጋሪ ነው። ከሜዳው ዳር ካለው ኩይሳ ሥር ሲመቱ በቀኝ የቦርከና ረግረግ ተዘርግቷል፤ የገባበት ኳስ አይወጣም። በግራ ዋርካ አለ። ከረግረጉ ማዶ ባሏ የሞተባት የዙበይዳ አጥር ይታያል። ዱባይ እያለ በቀጥታ ወደ ባንዲራው የሚመቱ ሀብታሞች ኳሳቸው ውሃ ሲገባ እያየ፣ "በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ" ይል ነበር በሆዱ። እሱ መጀመሪያ ወደ ዋርካው ይመታል፤ ከዚያ በአጭሩ ወደ ጉድጓዷ።

አንድ ቀን ሀዲጃ ልታየው ወረደች። ቁልቁለቱ አድክሟት ኩይሳው ሥር ተቀመጠች።

"በአንድ ምት እንደማትደርስ ካወቅህ ምን ታደርጋለህ?" አለችው።

"ባንዲራውን እተወዋለሁ። ኳሷን ለሚቀጥለው ምት የሚመች ቦታ ላይ አኖራታለሁ። ዐዋቂ የሚጨነቀው ለሚቀጥለው ነው።"

"ደግ ጨዋታ ነው" አለች፤ ሳል አጣድፏትም ሻሿን አፏ ላይ አደረገች።

ከዚያ ሰሞን ጀምሮ ባንዲራዋ እግር አወጣች።

በድሩ ከመስጊድ ሲመለስ ከቦታዋ ያጣታል። መጀመሪያ ከብት ነው ብሎ ነበር። ከብት ግን ጣሳ ነቅሎ ሌላ ቦታ አይቀብርም። የድሮው ጉድጓድ ተደፍኖ፣ ሣሩ ተመልሶበት፣ እንደ ምድጃ ዳር ተደልድሏል። የሴት እጅ ነው። ባንዲራዋ ደግሞ በየጊዜው ወደ ዙበይዳ አጥር ትጠጋለች።

ኳሱም አብሮ ይጠጋል። ዙበይዳ ኳሱን አንስታ፣ ገንፎ ጨምራ ትሰጠዋለች። ገንፎው ጥቁር አዝሙድ የተነሰነሰበት የማሽላ ገንፎ ነው፤ ልክ ሀዲጃ እንደምትሠራው። በድሩ አንድ ጊዜ ቀምሶ ፈራ። የሚወደውን ማን ነገራት?

ጎረቤቱ ሸረፈዲን ወሬ አያመልጠውም። "አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርክ፣ ያ በድሩ! ባንዲራ ተክላ የምትጠራህን ሴት እስከ መቼ በዋርካ ትዞራታለህ? አብሽር፣ ሁለተኛ ሚስት ሐላል ናት!"

በድሩ አልሳቀም። ሀዲጃ ከስታለች። ወሬው ደርሷት ቅናት እየበላት ነው ብሎ አሰበ። ሰሞኑን ደሴ መመላለስም አብዝታለች፤ የታመመች አክስት አለችኝ ትላለች። አብሬሽ ልሂድ ሲላት እምቢ አለች።

"አክስትሽን ተሻላት?" አላት።

"አልተሻላትም። ሐኪሞቹም ለአላህ ትተዋታል" አለችና ፊቷን አዞረች።

ጥላኝ ልትሄድ ቤት እያዘጋጀች ይሆናል ብሎ ልቡ ደነገጠ። ያን ሁሉ ዓመት ጠብቃው አሁን ብታጣው፣ አሁን ቢያጣት፣ በምን ዐይኑ ሰው ያያል?

አንድ ቀን ሩመይሳ ጸጉሯን አምሮ ተሠርታ ገባች። ማን ሠራሽ ሲላት፣ "ዙበይዳ" አለች። ሀዲጃ የልጇን ሹሩባ ዳበሰች። በድሩ ግን ንዴቱ አናቱ ላይ ወጣ፤ ሴትዮዋ በልጁም መጣችበት። በቀጥታ ወደ ዙበይዳ አጥር ሄደ።

"ባንዲራዬን አትንኪብኝ! ቤቴንም አትንኪብኝ!"

"ወላሂ፣ የሩመይሳ አባት፣ እኔ አልነካኋትም።"

"ታዲያ ማን ነው?"

የዙበይዳ ዐይን እንባ አቀረረ። ለበድሩ የተያዘ ሌባ እንባ መሰለው።

ቤቱ ገብቶ ሁሉንም ለሀዲጃ ነገራት። ከአንቺ ሌላ ሴት አላውቅም፣ አላስብም አላት። ሀዲጃ እጁን ያዘች።

"ዙበይዳ ደግ ሴት ናት" አለች። "አትጥላት።"

ይህን ያህል ትዕግሥት ያላትን ሴት ማስቀየሙ አንገበገበው። ዙበይዳን እጅ ከፍንጅ ይዞ በሽማግሌ ፊት ሊያቆማት ወሰነ።

በማግስቱ ለሱብሒ ወጣ፤ መስጊድ ግን አልሄደም። ቁልቁል ወርዶ ዋርካው ሥር ተደበቀ። ከቦርከና ጉም ተነሥቶ ሜዳውን ሸፍኖታል። ጥቂት ቆይቶ በፎጣ የተከናነበች ሴት መጣች። ቀስ ብላ ነው የምትራመደው፤ መሀል ላይ ቆማ ታርፋለች። ጣሳውን አወጣች፤ ጉድጓዱን ደፈነች፤ ባንዲራዋን ነቀለች። ይዛትም ረግረጉን ዞረች።

በድሩ ጮሆ ሊወጣ ሲል የዙበይዳ በር ተከፈተ። ዙበይዳ ራሷ ሮጣ ወጥታ ሴትዮዋን ክንዷን ይዛ ደገፈቻት።

ሀዲጃ፣ ደሴ ያመላለሳት ሳል እስኪያልፍላት፣ ባንዲራዋን ተመርኩዛ ቆመች፤ ከዚያ ዙበይዳ ደጃፍ ላይ ተከለቻት።