የበገናው እዝዝታ

ስምረት የመጨረሻዋን ሽቦ በይዳ ስፒከሩ ላይ ትሰካለች። «በል አባዬ፣ አሁን ሞክረው» ትላለች።

አቶ ጳውሎስ በገናቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። እሑድ እሑድ እዚህ አሜሪካ፣ የአውሮራ ከተማ አበሻ ሁሉ የሚጋፋበት የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ዛሬ ቅዳሜ ነውና ባዶ ነው። ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ግራ እጃቸው ደክሟል፤ እሳቸው ደግሞ የሚደረድሩት በግራ ነው። ድምፁ ከፊት ካሉት ወንበሮች አያልፍም። ከዚህ ጾም በኋላ በቃኝ ብለዋል። ቄሱ ቢለምኗቸው፣ ሰው ቢለምናቸው፣ ወይ ፍንክች!

ስምረት ግን ዝም ብላ የምታይ ልጅ አይደለችም። ኤሌክትሮኒክስ እየተማረች አይደል? የባቄላ ፍሬ የማታህል ትራንዚስተር ደካማውን ሲግናል ተቀብላ እንደምታጎላ ታውቃለች። የበገናው አውታሮች ከሚያርፉበት ከብርኩማው ሥር ትንሽ ማይክ ለጠፈች፤ ሰርኪዩቱን ራሷ ዲዛይን አደረገች። ድምፁን በሚያሳያት የኮምፒውተር ስክሪን ላይ ከዜማው ጋር የተንጨባረረ ነገር ስታይ ጊዜም «ኖይዝ ነው፣ ቆሻሻ ድምፅ» ብላ፣ ቀጭን ድምፅ የሚያስቀር ካፓሲተር ጨምራ አጠፋችው። በሥራዋ ኮርታ ነበር።

አባቷ ይደረድራሉ። ድምፁ ኩልል ብሎ እስከ ጥጉ ይሄዳል። ትንሽ ቆይተው እጃቸውን ያሳርፋሉ። «እግዜር ይስጥሽ ልጄ፣ ቆንጆ ነው» ይላሉ።

ይህችን አነጋገር ስምረት ታውቃታለች። ሰው ቤት ጨው የበዛበት ወጥ ሲቀርብላቸው የሚሏት ናት። የገዛ አባቷ እንግዳ ሆኑባት፤ ቢሰድቧት ይሻላት ነበር። ምን ጎደለው ብላ ብትወተውታቸው ምንም አልጎደለውም፣ እጄ ነው ይላሉ። ይህን ከልባቸው ማመናቸው ነው ሆዷን ያባባት።

ስፒከሩን ታጠፋና ጆሮዋን በገናው ላይ ለጥፋ ድገመው ትላቸዋለች። ይደግማሉ። ዝዝዝ... በየአውታሩ ሥር የገባችው ቁራጭ ቆዳ የምታወጣው እዝዝታ ነው፤ ብርጭቆ ውስጥ የገባች ንብ ይመስላል። በልጅነቷ እንቅልፍ ይወስዳት የነበረው በዚህ ድምፅ ነው። በገናን በገና ያሰኘውን ነገር ነው እንግዲህ ቆሻሻ ብላ የጣለችው። ፊቷ በእፍረት ይግላል።

«እጅህ አይደለም አባዬ» ትላለች። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

ጉጠቷን አንስታ ካፓሲተሩን ከሥሩ ትቆርጠውና ስፒከሩን መልሳ ትከፍታለች።

አቶ ጳውሎስ አውታሩን ነካ ያደርጋሉ። ጣታቸው መንቀሳቀሱ እንኳ በቅጡ አይታይም። አዳራሹ ግን ከዳር እስከ ዳር በዚያ እዝዝታ ይሞላል። አንድ ጊዜ ቀና ብለው ያዩዋታል። እግዜር ይስጥሽ አይሉም፤ ዓይናቸውን ይጨፍኑና ድምፃቸውን ይጨምሩበታል። ስምረት እንባዋ መጣ።

ለእሑዱ ምሳ ምስር ሲለቅሙ የነበሩት ወይዘሮ ብርቅነሽ ከወዲያ ማዶ፣ ከኩሽናው በር ብቅ ይላሉ። ወደፊት መምጣት አላስፈለጋቸውም፤ እዚያው በሩ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ቁጭ ይላሉ። ስምረት ከሩቅ ጆሮዋን በጣቷ እየነካች፣ ይሰማል ወይ ብላ በምልክት ትጠይቃቸዋለች።

ወይዘሮ ብርቅነሽ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ዝም ያሰኟታል።